ለመመረቂያ የተጻፈው ለአንባቢም ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ዘመናዊ ትያትራችን አጀማመር የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ጸሐፊው እንደለፋበት ያስታውቃል። የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ትያትር የታየበትን ዘመን ግን «1921 ዓ.ም.» ብሎታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ቁጥር ነው። ጸሐፊውን ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅና ነገ ሌላው ሰው እንዳይደግመው ማድረግ የሚቻል ስለሚመስለኝ ነው።

ስለዚህ ትያትር የተጻፉ ጽሑፎች በዓመቱ ላይ አይስማሙም። አንዱ 1913 ይላል፣ ሌላው 1921 ይላል። 1913ን በእኛ አቆጣጠር ከወሰድነው በፈረንጁ 1920 ወይም 1921 ላይ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። ጣጣው የሚመጣው አንድ ሰው ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ 1921ን ወስዶ «ዓ.ም.» ሲቀጥልበት ነው። ትያትሩ በአንዴ ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። በተቃራኒው 1913ን ከአማርኛ ወስዶ እንደ ፈረንጅ ዓመት የሚጽፍም አለ። ያኔ ደግሞ ትያትሩ ከንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ይወጣና ምኒልክ ያረፉበት ዓመት ላይ ይወድቃል። የትያትሩ ታሪክ ዋናው ቁም ነገር በማን ዘመን ታየ፣ ለምንስ ታገደ የሚለው ሆኖ ሳለ ዘመኑን ከሳትነው ምን ቀረን?

ታዲያ ጸሐፊያችሁ ምን ያድርግ? መጽሐፍ መደብር ገብቶ የትያትራችንን ታሪክ በምንጭ የሚያስረዳ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ስሞችና ቦታዎች በየትኛው ገጽ እንዳሉ የሚጠቁም መጽሐፍ በቀላሉ አያገኝም። ያገኘውን ይዞ ጻፈ። ጥናቱ ግን የለም ማለት አይደለም። ተጠንቷል። በመመረቂያ ጽሑፍ መልክ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እኔ ሥራዬ የመጽሐፍ እርማት ነው። ልብ ወለድ፣ ግለ ታሪክ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የመጣውን ሁሉ አርማለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ይዘው መጥተው «እስቲ መጽሐፍ ይሆን እንደሆነ እዪልኝ» ሲሉኝ ነው። ስለ ትያትር፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ አንድ ወረዳ ወይም ከተማ ታሪክ የተጻፉ ናቸው። ሌላ ቦታ ፈልጎ የማይገኝ ነገር አንብቤባቸዋለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት መምህር በደርግ ጊዜ በአንድ አውራጃ ከተማ ስለነበረ የኪነት ቡድን ያጠናውን ይዞልኝ መጣ። የቡድኑን አባላት አንድ በአንድ ፈልጎ አነጋግሯል። አንዷ ዘፋኝ ነበሩ፣ አሁን የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። አንዱ ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ደግሞ የትያትሩን ጽሑፍ በእጅ ጽፈው ያቀረቡትን ደብተር እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል። ደብተሩ ላይ የተፈቀደው ማኅተም ተመትቶበታል፣ ያልተፈቀደው በቀይ ተሰርዟል። የተሰረዙት ስንኞች ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ስለ ሳንሱር ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚያ ደብተር ግን ምን ተፈርቶ እንደነበር ያሳየኝ የለም።

ይህ ሁሉ ያለው የት መሰላችሁ? አባሪ ውስጥ! ከመጨረሻው ገጽ አካባቢ። ምዕራፍ አንድ የጥናቱ ዳራ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ የጥናቱ ጠቀሜታ፣ የጥናቱ ወሰን ነው። ምዕራፍ ሁለት ክለሳ ድርሳናት ነው፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ትያትርና ስለ ሥልጣን ምን እንዳሉ የተዘረዘረበት። ምዕራፍ ሦስት የጥናቱ ዘዴ። ዘፋኟ የሚመጡት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ፈታኞች ይህን ቅርጽ ስለሚጠይቁ ተማሪው እንደዚያ መጻፉ ግድ ነው። ለአንባቢ ግን በዚያ ቅርጹ አይሆንም። እኔም «ከአባሪው ጀምር» አልኩት። ዘፋኟን አንደኛ ገጽ ላይ አምጣቸው፣ ክለሳ ድርሳናቱን ለሁለት ገጽ አሳጥረው፣ ምንጮችህን በግርጌ ማስታወሻ አስቀር፣ አንዱንም እንዳትጥል፣ ስሙን ሁሉ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ ደርድረህ ገጹን ጠቁም። በጣም ደስ አለው።

መጽሐፉ ግን እስካሁን አልወጣም። ማተሚያ ቤት የጠየቀውን ቅድመ ክፍያ ከመምህር ደመወዝ ላይ ማውጣት አልቻለም። አሳታሚ ደግሞ «ኪነት ቡድን ማን ይገዛዋል» አለው። የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅም የሚቆጠርለት እውቅና ባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ እንደሆነ ተነገረው። በአማርኛ የሚጽፈው መጽሐፍ ያን ያህል እንደማይረዳው ገባው። ስለዚህ ከጥናቱ አንዱን ክፍል ቆርጦ በእንግሊዝኛ ጻፈና ውጭ አገር ባለ መጽሔት ላይ አወጣው። አልፈርድበትም፣ ቤተሰብ አለው። ጽሑፉም ጥሩ ነው። ዘፋኟና ባለማሲንቆው ግን አላነበቡትም። የከተማው ወጣቶችም አላነበቡትም። የተሰረዙት ስንኞች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ነው የወጡት። አማርኛው ቀርቷል።

ስለ እኛ ሥነ ጽሑፍና ትያትር ከሚጠቀሱት መጻሕፍት ብዙዎቹ በውጭ አገር የታተሙ መሆናቸውን ልብ በሉ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጁ ናቸው)። የቶማስ ኬን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን ታተመ። የራይዱልፍ ሞልቬር የደራሲያን ሕይወት ታሪክ በ1997 አሜሪካ ታተመ። ጄን ፕላስቶው የኢትዮጵያን ትያትር ከታንዛኒያና ከዚምባብዌ ጋር አድርጋ ያጠናችበት መጽሐፍ በ1996 አምስተርዳም ወጣ። ስለ ፊልማችን የተሰባሰበው ትልቁ የጥናት መድበል በ2018 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው የወጣው፤ ከአርታኢዎቹ አንዱ የእኛው አቦነህ አሻግሬ ናቸው። ሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም አለ። አምስት ቅጽ ነው፣ ከ2003 እስከ 2014 ወጥቶ አለቀ። እነዚህን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ። ሞልቬር ደራሲዎቻችንን በሕይወት ሳሉ ባይጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ የማናውቀው ብዙ ነበር። የሚያናድደኝ ያ ቃል ከአማርኛ ወጥቶ በእንግሊዝኛ መቅረቱ ነው። የአንድ አማርኛ ደራሲ የልጅነት ታሪክ ለማንበብ እንግሊዝኛ ማወቅና ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ መግዛት የለብኝም።

ሲደረግ ደግሞ እንደሚሆን አይተናል። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ ከ1855 እስከ 1974 ይል የነበረው፣ በአማርኛ ሲወጣ ከ1847 እስከ 1966 ሆነ። እያንዳንዱ ዓመት ታስቦበት፣ ተቀይሮ፣ ተፈትሾ ማለት ነው። ይህ የአራሚና የአርታኢ ሥራ ነው፣ ማንም አያየውም። መጽሐፉ ግን ታሪክ ተማሪ ያልሆነው ሰው ቤት ሁሉ ገባ። ከላይ ያነሳኋቸው የተክለሐዋርያት ግለ ታሪክም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል፣ እሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ቢሆንም። ዮሐንስ አድማሱ ስለ ትያትር ደራሲው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወትና ጽሑፍ ያዘጋጀው ጥናትም እንደዚሁ ነው። ዮሐንስ በ1967 ዓ.ም. አረፈ። ጥናቱን ወንድሙ ዮናስ አድማሱ አሰናድቶት ዩኒቨርሲቲው ያሳተመው ከዚያ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የትያትር ትምህርት ቤት በዮፍታሔ ስም ይጠራል። ዮናስ ባይኖር ኖሮ እዚያ የሚማሩት ልጆች ትምህርት ቤታቸው የተሰየመለትን ሰው በምን ያውቁት ነበር? ወንድም የሌለው ተመራማሪስ?

ስለ አካባቢ ታሪክ ትንሽ ላብዛ፣ ምክንያቱም ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለዓመታት ለመመረቂያቸው ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ሲጽፉ ኖረዋል። ገበያው እንዴት እንደተቆረቆረ፣ መንገዱ መቼ እንደገባ፣ መሬቱ በማን እጅ እንደነበር፣ ጣሊያን ሲገባ ማን እንደሸፈተ። ሽማግሌዎችን ጠይቀው ነው የጻፉት። የጥንቶቹ በታይፕራይተር የተመቱ ናቸው፣ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ዳራቸው ይቆራረሳል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው የምለውን ያውቃል። ያኔ የተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በአብዛኛው በሕይወት የሉም። ቃላቸው ያለው እዚያ ቢጫ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ያንኑ የአካባቢ ታሪክ ሰው በየቀኑ ፌስቡክ ላይ ይጣላበታል። አንዱ አሮጌ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከየት እንዳመጣው አይናገርም። ሌላው «አያቴ እንዲህ ብለውኛል» ይላል። ስድቡ ይከተላል። ምንጩን የሚያሳይ መጽሐፍ ቢኖር ሁሉም ይስማማል አልልም። ግን ጭቅጭቁ መልክ ይይዛል። «ገጽ ይህን ያህል ላይ ያለው ሰነድ ልክ አይደለም፣ እኔ ሌላ ሰነድ አለኝ» ማለት ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ሰው አያጋድልም።

የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ታሪክ አስቡ። ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው ጎጃም ያደጉ፣ ሥዕል የሚሥሉ፣ የጎጃምን ታሪክና ትውልድ የጻፉ ሰው ናቸው። ጽሑፋቸው ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ቅጂ ብቻ ይታወቅ ነበር። ግርማ ጌታሁን ደክመውበት ከእንግሊዝኛ ትርጉምና ከማብራሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ አካዳሚ በኩል ወጣ። እንደዚያ ያለ ሥራ ማለት እያንዳንዱን ስም፣ እያንዳንዱን ቦታ እየተከታተሉ «ይህ ማነው፣ ይህ የት ነው» ብሎ መመለስ ነው። ዓመታት ይወስዳል። ማንነትን በአንድ ቃል ለመጨረስ ለሚቸኩል ሰው እኚህን አለቃ አንብብ እለዋለሁ።

ፊልሙ ከሁሉም የባሰ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ስሙን የማያውቅ የለም፣ ያየው ግን ስንት ነው? የፊልም ተመራማሪ ፊልሙን ራሱን ካላየ የሚጽፈው ከሰው የሰማውን ነው። ከዚያ በኋላ በቪኤችኤስ የወጡትም ካሴታቸው እየተበላሸ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የአንድን ፊልም ታሪክ ከሠሪዎቹ ጠይቆ ሲጽፍ፣ ፊልሙ ቢጠፋ እንኳ የሚቀረው ያ ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎችን የሚያስፈራ አንድ ነገር አለ፣ የቅጂ መብት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህን የሰሙ መምህራን ከትያትሩ አንድ ስንኝ ለመጥቀስ እንኳ ሲፈሩ አይቻለሁ። አዋጁ ግን ምንጩን ጠቅሶ፣ በልኩ መጥቀስን ይፈቅዳል። ለጥናት የሚያስፈልገውን መስመር ጥቀሱ። ፎቶግራፍና ሙሉ ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ያንን ፈቃድ ደግሞ ባለታሪኩን በምታነጋግሩበት ዕለት በጽሑፍ ብታስፈርሙ ከዓመታት በኋላ ወራሽ ፍለጋ አትንከራተቱም።

ሌላው ማስጠንቀቂያዬ በኢሜይል ስለሚመጡት «አሳታሚዎች» ነው። «ጽሑፍዎን በነጻ እናሳትማለን» ይላሉ። ይልኩላቸዋል። አንድም አራሚ ሳያየው፣ አንድም ገምጋሚ ሳያነበው፣ እስከ ፊደል ስህተቱ ሽፋን አልብሰው ኢንተርኔት ላይ በውድ ዋጋ ያቀርቡታል። ሲቪ ላይ መጽሐፍ ይመስላል። አንባቢ ግን አይገዛውም፣ ዩኒቨርሲቲም አይቆጥረውም። ከዚህ ይልቅ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በነጻ መቀመጡ መቶ ጊዜ ይሻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን እዚያ እያስቀመጠ ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሐምቡርጉ ኢትዮፒካ መጽሔትም በነጻ ይነበባል። ብቻ በአማርኛ ስትፈልጉ ትዕግሥት ያዙ። አንዱ «ትያትር»፣ አንዱ «ቴአትር»፣ አንዱ «ቲያትር» ብሎ መዝግቦታል። ሀሌታው «ሀ» የገባበት በሐመሩ «ሐ» ቢፈለግ አይገኝም። ርዕሱን የሚመዘግቡት ሠራተኞች አንድ ወጥ አጻጻፍ ቢሰጣቸውና ከጎኑ ሌሎቹን አጻጻፎች ቢጨምሩ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። ብዙ ወጪ የለበትም።

ወጪን ካነሳሁ፣ ወረቀት ከውጭ እንደሚገባና ዋጋው እንደሚጨምር አውቃለሁ። የጥናት መጽሐፍ ግን ሦስት ሺህ ኮፒ መታተም የለበትም። በዲጂታል ማተሚያ መቶ ሁለት መቶ ኮፒ ማውጣት ይቻላል። የነጠላው ዋጋ በብዛት ከሚታተምበት ከኦፍሴት ይወደዳል፣ ግን መጋዘን ውስጥ የሚከርም የለም። ሲያልቅ ደግሞ ይታተማል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዐውደ ጥናት ከሚያወጡት ላይ ትንሽ ቀንሰው ለእርማት፣ ለግምገማና ስሞችን ከነገጻቸው ለሚዘረዝር መጠቁም ቢመድቡ፣ በአማርኛም ይሁን በሌላ ቋንቋችን የተገመገመ መጽሐፍ ለማዕረግ ዕድገት ሙሉ ዋጋ ቢሰጡ፣ ያ የኪነት ቡድኑ ጥናት ዛሬ በእጃችን ነበር። ሥራው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለመጨረሻዋ ትንሽ ክፍል ገንዘብ አጥተን ማቆማችን አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጋዜጣችሁ አዲስ ልብ ወለድ ሲወጣ ይጽፋል፣ አዲስ ፊልም ሲመረቅ ይጽፋል። በወር አንድ ጊዜ ሩብ ገጽ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ስጡ። ደራሲው ራሱ ለጠቅላላ አንባቢ በሚገባ አማርኛ ያሳጥረው። ምን አገኘ? ከማን ሰማ? ጽሑፉ የት ይገኛል? ሌላ አያስፈልግም። አሳታሚዎች አንባቢ እንዳለው የሚያዩት እዚያ ነው። ባለታሪኮቹም በሕይወት ካሉ አንብበው «ይህቺ ልክ ናት፣ ይህቺ ተሳስታለች» ይላሉ። ያ ደግሞ ከፈታኝ የማይገኝ እርማት ነው። በኪነት ቡድኖች ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። በየከተማው አባል የነበሩ፣ ፎቶና ፕሮግራም በሳጥን ያስቀመጡ ሰዎች ገና አሉ።

ድሮ ለመመረቂያ ስለ አገራችሁ የጻፋችሁና የራሳችሁ ቅጂ እጃችሁ ላይ ያለ አንባቢዎችም ብትኖሩ፣ አስቃኙትና አንዱን ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ አንዱን ለትውልድ ከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቅጂ ገጽ ጎድሎበታል፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም።

ዓምዱን ከጀመራችሁት የሚመጡትን ጽሑፎች እርማት እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። በተለይ ዓመተ ምሕረቱን አንድ በአንድ አያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ የመጽሐፍ አራሚ
አዲስ አበባ